«እሱማ ስኳርም ግፊትም ነበረበት እኮ»

በኮሮናው ዘመን ለቅሶ የደረሰ ሰው ይህን ምልልስ ሳይሰማ አልቀረም። አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኮሮና ነው አሉ» ይላል። ሌላው ቀበል ያደርግና «ኧረ እሱማ ስኳርም ግፊትም ነበረበት እኮ» ይላል። ከዚያ ወሬው ይዘጋል። ሰውየው የሞተው በቆየ በሽታው ነው፣ ኮሮና ስሙን ብቻ ነው የወሰደው እንደ ማለት።

አባባሉ ውስጥ እውነት አለ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ኮቪድ ሲይዘው የመሞት ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል። ሕመሙ ሁለትና ሦስት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስህተትም አለ። «ስለዚህ የገደለው ኮቪድ አይደለም» የሚለው መደምደሚያ ከዚህ አይወጣም። ይህ ስህተት ብዙ ሰው ጎድቷል። ጤነኛው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ተዘናጋ። ታማሚው ደግሞ «የኔማ አለቀ» ብሎ ተስፋ ቆረጠ። ሁለቱም ልክ አልነበሩም።

የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ ምክንያት ያወጀውን ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ጊዜ ያነሳው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ነው። ቫይረሱ ግን አብሮን አለ። ስኳሩና ግፊቱም አሉ። ስለዚህ ነገሩን ረጋ ብሎ ማየት አሁንም ይጠቅማል።

ለመሆኑ «ተጓዳኝ በሽታ» ምን ማለት ነው?

ቃሉን ብዙዎቻችን የለመድነው ያኔ በየዕለቱ ይወጣ ከነበረው የጤና ሚኒስቴር መግለጫ ነው። «ተጓዳኝ ሕመም የነበረባቸው» ሲባል እንሰማ ነበር። ተጓዳኝ በሽታ ማለት አዲስ በሽታ ሲመጣ ቀድሞ ሰውነት ውስጥ የነበረ ሌላ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ ሥር የሰደደ ነው። ሥር የሰደደ የሚባለው ደግሞ ለወራት ወይም ለዓመታት የሚቆይ፣ በመድኃኒት የሚያዝ እንጂ በአብዛኛው ጨርሶ የማይድን ሕመም ነው። ስኳር፣ ግፊት፣ አስም፣ የልብ ድካም፣ የኩላሊት ሕመም፣ ካንሰር፣ ኤችአይቪ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ይቆጠራል።

አንድ ሰው ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ተደራራቢ በሽታ እንላለን። እነዚህ በሽታዎች በአጋጣሚ ብቻ አይደለም የሚደራረቡት። አንዱ ሌላውን ይጠራል። ስኳር ጥቃቅን የደም ሥሮችን ይጎዳል። ኩላሊት ደግሞ ሥራዋን የምትሠራው በእነዚሁ ጥቃቅን የደም ሥሮች ነው። ስለዚህ ስኳሩ ሲቆይ ኩላሊት ትታመማለች። ኩላሊት ስትታመም ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ መልሶ ኩላሊቷን ይጎዳል፣ ልብንም ያደክማል። የሕክምና ካርዱ ላይ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ይጻፋሉ። ሰውነት ውስጥ ግን የአንድ ረጅም ታሪክ ምዕራፎች ናቸው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በሽታው ካርድ ላይ አልተጻፈም ማለት የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂዎች ወደ 16 ገደማ የሚሆኑት የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። አብዛኞቹ ሕክምና ላይ አልነበሩም። «ምንም አልነበረበትም» የተባለው ሟች እውነትም ምንም አልነበረበትም ወይስ ተለክቶ አያውቅም?

ታዲያ የገደለው የትኛው ነው?

ይህ ጥያቄ በእኛ ለቅሶ ቤት ብቻ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 አሜሪካን ያነጋገረው ጉዳይ ነበር። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በድረ ገጹ አንድ ቁጥር አወጣ። ከኮቪድ ሟቾች መካከል በሞት የምስክር ወረቀታቸው ላይ ኮቪድ ብቻውን የተጻፈባቸው 6 ከመቶ ናቸው የሚል። ወዲያው ማኅበራዊ ሚዲያው ተጥለቀለቀ። «በኮቪድ የሞተው 6 ከመቶው ብቻ ነው፣ ሌላው በሌላ በሽታ ነው» ተባለ።

ቁጥሩ ልክ ነበር፣ የተነበበበት መንገድ ግን ልክ አልነበረም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሐኪም የሞትን ምክንያት እንዴት እንደሚጽፍ ማወቅ ያስፈልጋል። ቅጹ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ሰንሰለት ነው። መጨረሻ ላይ ሰውየውን የገደለው ምንድን ነው? መተንፈስ ማቆም። እሱን ምን አመጣው? የሳንባ ምች። የሳንባ ምቹንስ? ኮቪድ። የሰንሰለቱ መነሻ የሆነው በሽታ ዋናው የሞት ምክንያት ይባላል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ደግሞ ሰንሰለቱን ያልጀመሩ፣ ግን ነገሩን ያባባሱ ሕመሞች ይጻፋሉ። ስኳር፣ ግፊት፣ የኩላሊት ሕመም።

እንግዲህ በ94 ከመቶው ወረቀት ላይ ከኮቪድ ጋር ከተጻፉት ነገሮች ብዙዎቹ ኮቪድ ራሱ ያመጣቸው ናቸው። የሳንባ ምች አንዱ ነው፣ የመተንፈስ መቋረጥ ሌላው። እንዲያውም ኮቪድ ብቻውን የተጻፈበት ወረቀት ብዙ ጊዜ በቅጡ ያልተሞላ ወረቀት ነው። ቫይረሱ በምን በኩል እንደገደለ አይናገርምና።

ቤት ተቃጠለ እንበል። ውስጥ ያሉት ሮጠው ወጡ። እግራቸውን የሚያማቸው አዛውንት ግን መሮጥ አቅቷቸው እዚያው ቀሩ። «እግራቸው ገደላቸው» የሚል ሰው የለም። እሳቱ ነው የገደላቸው። የእግራቸው ሕመም ማምለጥ ከለከላቸው እንጂ።

ሌላም ማስረጃ አለ። ስኳርና ግፊት ይዞ ብዙ ዓመት መኖር የተለመደ ነው። በየቤታችን አሉ፤ ክኒናቸውን እየዋጡ ልጅ ድረው የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ። በስኮትላንድ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ለማስላት ሞክረው ነበር። የሟቾቹን ዕድሜና የነበረባቸውን ሕመም ብዛት ሁሉ ከግምት አስገብተው፣ ኮቪድ ባይይዛቸው ኖሮ ምን ያህል ይኖሩ ነበር ብለው ጠየቁ። መልሱ በአማካይ ወደ 10 ዓመት ገደማ ሆነ። «ዛሬ ነገ ሲል የነበረ ሰው ነው» የሚባለው ለብዙዎቹ እውነት አልነበረም።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ዕድርን እናስብ። አንድ አባል ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን ይተከላል፣ ከሣጥኑ ገንዘብ ይወጣል፣ ሌሎቹ ተራ ገብተው ያስተዛዝናሉ። አንድን ቤት ብቻውን የሚሰብር ሐዘን ለመቶ ቤት ሲከፋፈል ይቻላል።

የሰውነታችን ክፍሎችም እንዲሁ ይተጋገዛሉ። ሳንባ ኦክስጅን ሲያጥረው ልብ ፈጠን ብሎ ይመታል፣ ያለችውን ኦክስጅን ቶሎ ቶሎ ያደርሳል። ደም ውስጥ አሲድ ሲበዛ ኩላሊት ሚዛኑን ለመመለስ ይሠራል። ሰውነት ሲታመም የደም ስኳር ከፍ ይላል፣ ቆሽት ደግሞ ኢንሱሊን ጨምሮ ያወርደዋል። ጤነኛ ሰው በአዘቦት ቀን ከእነዚህ ክፍሎች አቅም ጥቂቱን ብቻ ነው የሚጠቀመው። የቀረው ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው፤ ልክ እንደ ዕድሩ ሣጥን።

ሥር የሰደደ በሽታ የሚበላው ይህን መጠባበቂያ ነው። የልብ ድካም ያለበት ሰው ቁጭ ብሎ ሲጨዋወት ምንም ላይመስል ይችላል። ልቡ ግን ለዚያችው ለመቀመጥ አቅሟን እያሟጠጠች ነው። ዳገት ሲመጣ የምትጨምረው የላትም።

ኮቪድ ደግሞ ትልቅ ዳገት ነው። ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበት በር ሳንባ ላይ ብቻ አይደለም የሚገኘው። ልብ ላይም፣ ኩላሊት ላይም፣ የደም ሥር ግድግዳ ላይም አለ። ሳንባ ውስጥ ኦክስጅን የሚያልፍባቸው ትንንሽ የአየር ከረጢቶች በፈሳሽ ይሞላሉ። ደም በየቦታው የመርጋት ጠባይ ያመጣል። የሰውነት መከላከያ ራሱ ከልክ በላይ ተቆጥቶ የገዛ ቤቱን ማፍረስ የሚጀምርበት ጊዜም አለ። ይህ ሁሉ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሆናል። ሁሉም የዕድር አባል በአንድ ጊዜ ይጠራል።

አንድ አባል ሐዘን ላይ ቢሆን ሌሎቹ ይሸፍኑለታል። አንድ ሕመም ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ኮቪድን የሚሻገረው ለዚህ ነው። ሦስት አራት አባላት ሐዘን ላይ ተቀምጠው ሣጥኑም ባዶ ሲሆን ግን ማን ማንን ያስተዛዝናል? ሳንባ ሲደክም ይረዳል የተባለው ልብ እሱም ደክሟል። አሲዱን ያስተካክላል የተባለው ኩላሊት ቀድሞውኑ ግማሽ ነው። የተደራራቢ በሽታ አደጋ እዚህ ላይ ነው። የበሽታው ቁጥር መብዛቱ ብቻ አይደለም ችግሩ፣ ረዳት የሚሆነው ክፍል ራሱ መታመሙ ነው።

ሕክምናውም ይከብዳል። ዴክሳሜታዞን የሚባለው ርካሽ መድኃኒት በእንግሊዝ በተደረገ ትልቅ ሙከራ እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ውጤቱ ታወቀ። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት ታማሚዎች መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ። ኦክስጅን ብቻ ይሰጣቸው ከነበሩት መካከል ደግሞ በአንድ አምስተኛ። የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈ ግኝት ነው። ይኸው መድኃኒት ግን የደም ስኳርን ያንራል። ስኳር ላለበት ታማሚ መድኃኒቱ ያድነዋል፣ ስኳሩን ደግሞ ያስነሳበታል። ሐኪሙ በሁለቱ መካከል መሄድ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2021 ህንድ ውስጥ የሆነው ይህን በግልጽ አሳይቷል። ስኳር ያለባቸውና እንዲህ ያለውን መድኃኒት የወሰዱ የኮቪድ ታማሚዎች «ጥቁር ፈንገስ» በተባለ ከባድ ኢንፌክሽን ተጠቁ። በ10 ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ዓይናቸውን ያጡ አሉ። ኮቪዱ፣ ስኳሩና መድኃኒቱ አንድ ላይ ሆነው ለአራተኛ ጠላት በር ከፈቱ።

ሕመሙ ሁለት ከሆነ አደጋው እጥፍ ነው?

እንደዚያ በቀጥታ አይባዛም። ቁጥሮቹን እንያቸው።

በወረርሽኙ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020፣ ቻይና 44,672 በምርመራ የተረጋገጡ ታማሚዎችን መረጃ አወጣች። ከሁሉም 2.3 ከመቶው ሞተው ነበር። ምንም ተጓዳኝ ሕመም እንደሌላቸው ከተመዘገቡት የሞቱት 0.9 ከመቶ ናቸው። ግፊት ካለባቸው 6 ከመቶ፣ ስኳር ካለባቸው 7.3፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ካለባቸው 10.5 ከመቶ። ልዩነቱ ያስደነግጣል። ግን ይህ ሠንጠረዥ ዕድሜን አልለየም። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ በዕድሜም የገፋ ነው። ስለዚህ የዕድሜው ድርሻ የቱ፣ የሕመሙ ድርሻ የቱ እንደሆነ ከዚህ ብቻ አይታወቅም።

ይህን ለመለየት የሞከረ ሌላ የቻይና ጥናት 1,590 ሆስፒታል የገቡ ታማሚዎችን ተከታተለ። ዕድሜንና ማጨስን አስተካክሎ ሲያሰላ፣ አንድ ተጓዳኝ ሕመም ያለበት ሰው ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት፣ በማሽን የመተንፈስ ወይም የመሞት አደጋው ምንም ከሌለበት 1.79 እጥፍ ሆነ። ሁለትና ከዚያ በላይ ያለበት ደግሞ 2.59 እጥፍ።

ከዚህ የሰፋው የአሜሪካው ነው። በኮቪድ ሆስፒታል የገቡ 540,667 አዋቂዎችን አየ። ከእነሱ 94.9 ከመቶው ቢያንስ አንድ ተጓዳኝ ሕመም ነበረባቸው። ምንም ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸሩ አንድ ሕመም ያለባቸው የመሞት አደጋ 1.53 እጥፍ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር አደጋውም እያደገ ሄዶ፣ ከ10 በላይ ሕመም ባለባቸው ላይ 3.82 እጥፍ ደረሰ።

«እጥፍ» የሚለው ቃል ያስፈራል፤ ለብቻው ግን ምንም አይነግረንም። የምን እጥፍ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለማስላት ያህል ብቻ፣ ሕመም ከሌለባቸው 100 ሰዎች 2 ይሞታሉ እንበል። 1.5 እጥፍ ማለት 3 ሰው ነው። 3.82 እጥፍ ማለት ወደ 8 ሰው ገደማ ነው። ስምንት ነፍስ ቀላል አይደለም። 92ቱ ግን ይድናሉ። ስኳርና ግፊት ያለባት እናት ኮቪድ ሲይዛት «አለቀላት» ብሎ ማልቀስ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ዕድሉ ከመዳን ጋር ነው። ከሌላው ሰው ይልቅ ግን ቶሎ መታየት፣ ቶሎ መረዳት አለባት።

94.9 ከመቶ የሚለውንም ልብ እንበል። ሆስፒታል ከገቡት ስንቶቹ ሕመም ነበረባቸው የሚለውን ነው የሚናገረው። ሕመም ካለባቸው ስንቶቹ ይሞታሉ አይልም። ሁለቱ ይምታታሉ፤ ብዙ የተሳሳተ ወሬ የተወለደውም ከዚሁ ነው።

ሁሉም በሽታ እኩል ይመዝናል?

አይመዝንም። በእንግሊዝ ከ17 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎችን የሕክምና መዝገብ ያየ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 10,926 በኮቪድ የሞቱ ነበሩ። የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች አደጋ ወደ 3.5 እጥፍ ገደማ ሆነ። አዲሱን ኩላሊት ሰውነት እንዳይተፋው የሚወስዱት መድኃኒት መከላከያቸውን ያደክመዋልና። የኩላሊት ሥራቸው በጣም የወረደ ሰዎች ደግሞ 2.5 እጥፍ ገደማ።

ግፊት ግን ያልተጠበቀ ውጤት አሳየ። ዕድሜና ሌሎች ሕመሞች ሁሉ ከግምት ሲገቡ፣ ግፊት ለብቻው ያን ያህል ልዩነት አላመጣም። ይህ «ግፊት ምንም አያደርግም» ማለት አይደለም። ግፊት በዓመታት ውስጥ ልብንና ኩላሊትን ሲጎዳ አደጋው በእነሱ በኩል ይመጣል። በጊዜ የተያዘ ግፊት ሌላ፣ ችላ የተባለ ግፊት ሌላ።

ከዚያ ጥናት ለእኔ ትልቁ ቁጥር ግን የስኳር ነው። ስኳር ስላለባቸው ሁሉ አንድ ላይ አላወራም። ስኳራቸው በደንብ የተያዘላቸውን ከተለቀቀባቸው ለየ። የመጀመሪያዎቹ አደጋ 1.31 እጥፍ ነው። የሁለተኛዎቹ 1.95። በሽታው አንድ ነው፤ ስሙም አንድ ነው። ለቅሶ ቤት «ስኳር ነበረበት» ሲባል ሁለቱም በአንድ ቃል ይጠራሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን መድኃኒት፣ ምግብና ክትትል ነው። ዕድሜህን መቀነስ አትችልም፣ የተጎዳ ኩላሊትንም መመለስ ከባድ ነው። ስኳርን መቆጣጠር ግን ይቻላል።

ዕድሜስ?

ዕድሜ ከሁሉም ይበልጣል። በዚሁ የእንግሊዝ ጥናት ከ80 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች የመሞት አደጋ በ50ዎቹ ውስጥ ካሉት ከ20 እጥፍ በላይ ነበር። ከላይ ካየናቸው የሕመም ቁጥሮች አንዱም ወደዚህ አይጠጋም። ስለዚህ የ30 ዓመት ወጣት ስኳርና አስም ቢኖርበትም፣ ጤነኛ ከሚባሉ የ80 ዓመት አባት ይልቅ የመትረፍ ዕድሉ በአብዛኛው የተሻለ ነው። ከእኩዮቹ ጋር ሲተያይ ግን አደጋው ከፍ ያለ ነው። ሁለቱም አነጋገር ልክ ነው፤ ንጽጽሩ ከማን ጋር እንደሆነ ካልተነገረ ግን ያሳስታል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጣሊያን ስትታመስ የወጣው መረጃም በዚህ ዓይን ነው መነበብ ያለበት። መዝገባቸው በዝርዝር ከታየ 355 ሟቾች ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሕመም የነበረባቸው 48.5 ከመቶ ናቸው። ምንም ያልነበረባቸው 3 ሰዎች ብቻ። አማካይ ዕድሜያቸው ግን ወደ 80 ይጠጋ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሁለት ሦስት ሕመም የሌለበት ሰው ኮቪድ ኖረም አልኖረም ጥቂት ነው።

በእኛ አህጉርስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በምርመራ የተረጋገጠው ሞት ከ7,500 ጥቂት ከፍ ይላል። ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት መሆኑ ረድቷል። የተቆጠረው ግን የተመረመረው ብቻ ነው፤ ቤቱ የሞተው እዚህ ውስጥ የለም።

የአፍሪካ የተደራራቢ በሽታ መልክ ከአውሮፓው ይለያል። እዚያ ውፍረት፣ ልብና ስኳር ናቸው ፊት የሚመጡት። እዚህ ኤችአይቪና ቲቢ ይጨመራሉ። በደቡብ አፍሪካ የዌስተርን ኬፕ ግዛት የተደረገ ሰፊ ጥናት፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው በኮቪድ የመሞት አደጋው ወደ እጥፍ ገደማ እንደሚሆን አሳየ። በወቅቱ ቲቢ ያለበት ሰው ደግሞ ከእጥፍም በላይ።

ሌላው ጥናት ኢትዮጵያንም ያካተተ ነው። በ10 የአፍሪካ አገሮች፣ በ64 ሆስፒታሎች፣ በጠና የታመሙ 3,077 ሰዎችን ተከታተለ። በ30 ቀን ውስጥ 48.2 ከመቶው ሞቱ። ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። በሌላው ዓለም በተመሳሳይ ደረጃ ከታመሙት ይበልጣል። ስኳር፣ ኤችአይቪ፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመም ያለባቸው ይበልጥ ሞተዋል። አጥኚዎቹ ግን የዕቃና የባለሙያ እጥረትንም አብረው አንሥተዋል። ኩላሊቱ ያቆመ ታማሚ እጥበት የሚያደርግለት ማሽን ካላገኘ፣ የኩላሊት ሕመሙ የሞት ፍርድ ይሆንበታል። ማሽኑ ያለበት ቦታ ቢሆን ኖሮ ይኸው ሰው ሊተርፍ ይችል ነበር። የተጓዳኝ በሽታ ክብደት ሰውየው ላይ ብቻ የሚወሰን አይደለም፣ የተኛበት ሆስፒታል ላይም ይወሰናል።

በዚያ ላይ ፍርሃቱ ነበር። «ሆስፒታል ከሄድኩ ኮሮና ይይዘኛል» ብለው ክትትል ያቋረጡ፣ መድኃኒታቸው ሲያልቅ ሳይተኩ የቀሩ ብዙ ናቸው። ሳይታሰብ መጠባበቂያቸውን ባዶ አድርገው ጠበቁት።

ክትባት ወስዶ የሞተ ሰውስ?

ኮሊን ፓውልን ብዙዎች ያስታውሳሉ፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት። ኮቪድ ባስከተለው ሕመም የሞቱት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 2021 ነው፣ በ84 ዓመታቸው። ክትባታቸውን ጨርሰው ነበር። «ይኸው፣ ክትባቱ አይሠራም» የሚል ወሬ ወዲያው ተነሣ።

ፓውል ግን ማልቲፕል ማይሎማ የሚባል የደም ካንሰር ነበረባቸው። ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ ሕመምም እንዲሁ። ይህ ካንሰር የሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ቫይረስን የሚዋጋውን የሰውነት መከላከያ፣ የሚያመርቱትን ሴሎች ነው። ክትባት ደግሞ ከሚያሠራቸው ሴሎች ዋነኞቹ እነሱ ናቸው። አስተማሪ ክፍል ገባ፣ ተማሪዎቹ ግን ታመዋል። ትምህርቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም ያልገባቸው። በርከት ያለ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ተጨማሪ ክትባት እንዲወስዱ የሚመከሩትና አብረዋቸው የሚኖሩትም ቢከተቡ የሚባለው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ ክትባት የጀመረችው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። ከጤና ባለሙያዎች ቀጥሎ ቅድሚያ የተሰጣቸውም አረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ናቸው።

መድኃኒቴን ላቁም?

ይህ ጥያቄ የተነሣው በወረርሽኙ መጀመሪያ ነው። እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ቫይረሱ የሚገባበትን በር ያበዙ ይሆን የሚል ሥጋት ነበር። ወሬው ከሳይንሱ ቀድሞ ሮጠ። አንዳንዱ በራሱ ጊዜ አቆመ። በኋላ ብራዚል ውስጥ 659 ታማሚዎች ላይ ተሞከረ። ግማሾቹ መድኃኒቱን አቋረጡ፣ ግማሾቹ ቀጠሉ። ማቋረጡ ምንም ጥቅም አላስገኘም። የግፊትንም ሆነ የስኳርን መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቆም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ብዙ ሕመም ያለባቸው ሰዎች፣ በተለይ አዛውንቶች፣ ኮቪድ ሲይዛቸው ምልክቱ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል። ትኩሳትም ሳልም ላይኖር ይችላል። ይልቁንም ምግብ ይዘጋቸዋል፣ ይዘባርቃሉ፣ ይወድቃሉ። «እርጅና ነው» ተብሎ ሁለትና ሦስት ቀን ያልፋል። ኦክስጅን እየወረደም ሰውየው ደህና ነኝ ሊል ይችላል። ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ እቤት ካለ ይጠቅማል። ቀድሞ የሳንባ ሕመም የሌለበት ሰው ላይ ከ94 በታች ካሳየ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ሲኬድ ደግሞ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ሁሉ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ ክኒኖቹን ከነማሸጊያቸው፣ ካልሆነም በወረቀት ጽፎ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፓክስሎቪድ የሚባለው የኮቪድ ክኒን ሕመሙ ሊብስባቸው ለሚችሉ ሰዎች የሚታዘዝ ነው፣ ምልክቱ በጀመረ በ5 ቀን ውስጥ መወሰድ አለበት። ግን ሲምቫስታቲን ከሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ጋር አብሮ አይሰጥም። የኩላሊት ሕመም ካለም መጠኑ መቀነስ አለበት። ሐኪሙ ኮሌስትሮሉንም ኩላሊቱንም ካላወቀ ይህን ማስተካከል አይችልም። ለእናትና አባቶቻችን ክኒኑን ገዝቶ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፣ ሐኪም ቤት ይዟቸው የሚሄደው ደግሞ ሌላ ልጅ። ወረቀቱ ተጽፎ የሕክምና ካርዳቸው ውስጥ ቢቀመጥ፣ የትኛውም ልጅ ይዟቸው ቢሄድ ያገኘዋል።